3200 ገዝቼ 2133 ያገኘሁበት ሳምንት፦ የእትዬ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ራም

ጥር 2

አዳማ ላይ ጥር ሲገባ አዳራሽም አይገኝ ካሜራማንም አይገኝ፣ ሰርግ በሰርግ ነው። እትዬ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ስቱዲዮ አላት፣ ዛሬ በጠዋቱ ደውላ «አንተ ልጅ ይሄ ኮምፒውተርህ ሊገለኝ ነው፣ ና እየው» አለችኝ። የኔ አይደለም እኮ። አምና ስትገዛው አብሬያት ስለሄድኩ ብቻ፣ ሲሰራ የሷ ነው ሲቆም የኔ።

ሄጄ አየሁት። ከውጭ ቢሮ ወጥቶ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ ኮር አይ5-8500፣ ስድስት ኮር፣ ኤስኤስዲም አለው፣ ለሷ ስራ የሚያንስ ማሽን አይደለም። ግን የሰርጉን ፎቶ ላይትሩም ላይ ከፍታ ፎቶሾፕ ስትጨምርበት ማውሱ ራሱ ይደርቃል። ታስክ ማናጀር ገባሁ፣ ሚሞሪ የሚለውን ስጫን፦ 8 ጊጋ፣ 96 ፐርሰንት ተይዟል፣ ስፒድ 2666፣ ከ4 ስሎት (የራም መሰኪያ) የተያዘው 1። በቃ በሽታው ታወቀ። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሰራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ፣ ትንሽ ነው፣ ደሞ አንድ ፍሬ ብቻ ስለሆነ ሁለት መንገድ (ቻናል) እያለው በአንዱ ብቻ ነው የሚሄደው።

ሽፋኑን ስከፍተው ጉድ ነው፣ ፋኑ ላይ አቧራው ብርድ ልብስ ሰርቷል። ከከተማው ወጣ ብሎ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች በዚሁ ንፋስ መብራት ይሰጡናል ተመስገን፣ ግን ንፋሱ አቧራውንም እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ በነፃ ያደርሳል። በብሩሽ ጠራረግኩና ራሙን ነቅዬ ስቲከሩን አነበብኩ፦ 8 ጊጋ፣ 1አርኤክስ8፣ ፒሲ4-2666ቪ-ዩኤ2። ይሄን ስቲከር ማንበብ ከቻላችሁ ግማሽ ስራ አልቋል። 1አርኤክስ8 የቺፖቹ አደረጃጀት ነው፣ ፒሲ4 ሲል ዲዲአር4 ነው፣ የራሙ ትውልድ፣ 2666 ፍጥነቱ፣ ቪ የምትለዋ ሲኤል 19 ማለት ናት (ሲኤል ራሙ ሲጠየቅ እስኪመልስ የሚቆየው የምት ብዛት ነው)፣ ከሰረዙ ቀጥላ ያለችው ዩ ደሞ ተራ የዴስክቶፕ ራም ነው ማለት ነው። ዩዋን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ጥር 3

ማታ ቁጭ ብዬ ምን ልግዛ የሚለውን አሰብኩበት። ሰው ራም ሲገዛ የሚያየው ሁለት ቁጥር ነው፣ ጊጋውንና ዋጋውን። ፍጥነቱን የሚያይ ካለም ትልቁን ነው የሚመርጠው። እኔም ያው ነኝ፣ ከሰው አልበልጥም፣ እንደምታዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሚሞሪውን የሚያናግረው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ አምራቹ «እስከዚህ ድረስ» ብሎ የሚጽፍለት ጣሪያ አለ። ለአይ5-8500 ጣሪያው ዲዲአር4-2666 ነው። የዚያው ትውልድ አይ3-8100 ግን 2400 ላይ ይቆማል፣ ያው ሶኬት ያው ማዘርቦርድ ሆኖ። አይ5-10400 ጋ ስትሄዱ አሁንም 2666 ነው፣ አይ7-10700 2933፣ አይ5-11400 ላይ ነው 3200 የሚገባው። ኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 2600 እስከ 2933፣ ራይዘን 5 5600 እስከ 3200። ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም ማለት አይደለም፣ ግን በላይ ያለው ኦቨርክሎክ ነው የሚባለው፣ ማዘርቦርዱ መፍቀድ አለበት። የቢሮ ማሽን ማዘርቦርድ ደሞ አይፈቅድም። ይቺን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ዛሬ ማታ አውቃታለሁ፣ ነገ ሱቅ ውስጥ ረሳኋት።

ለእትዬ የነገርኳት «ሁለት ባለ 8 እንገዛለን፣ አሮጌውም ከቆየ 24 ይሆናል» ብዬ ነው። «ይበቃል?» አለች። ለላይትሩምና ፎቶሾፕ ይበቃል።

ጥር 4

ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ፖስታ ቤት ጋ ወረድኩ፣ ሱቅ ለሱቅ። ዋጋ አልጽፍም፣ ይሄን እስክታነቡ ይቀየራል።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጁ ባለ 16 ጊጋ አወጣልኝ፣ ዋጋው ከሌሎቹ ባለ 8 ብዙም አይበልጥም። ልቤ ዘለለ። ገልብጬ ስቲከሩን ሳየው 2400ቲ ካለ በኋላ ዩ መሆን ያለባት ቦታ ላይ አር ተቀምጣለች፣ መሃሉ ላይም ከሌሎቹ ቺፖች የተለየች አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። የሰርቨር ራም ነው፣ ሬጅስተርድ የሚባለው። ስሎቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ 288 እግሩም ያው ነው፣ ግን አይ5 ያለው ዴስክቶፕ በሱ አይነሳም። «ወንድሜ ይሄ የሰርቨር ነው» ስለው «ራም ራም ነው ወንድሜ» አለኝ። በክፋት አይመስለኝም፣ እሱም እንደዛው ተነግሮት ነው የገዛው። ግን ስንቱ ሰው ይሄን ገዝቶ ሄዶ ማዘርቦርዴ ተቃጠለ ብሎ እንዳለቀሰ አስቡት።

ሁለተኛው ሱቅ ዲዲአር3 ብቻ ነበረው። የቁርጧ ቦታ ስለሚለይ ቢፈልጉም አይገባም፣ እሱ እንኳን ደግነቱ ነው።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ነው የወደቅኩት። ልጁ መስታወቱን ከፍቶ ጥቁር ብረት የለበሰ ጥንድ አወጣ፣ 2 ባለ 8፣ እንዳልተከፈተ ነው፣ ካርቶኑ ላይ 3200 ሲኤል 16 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አጠገቡ ምንም ያልለበሰ አረንጓዴ ተራ ራም አለ፣ እሱም 3200 ይላል፣ ፒሲ4-3200ኤኤ። «የቱ ይሻላል?» ስለው ሳቀብኝ። እውነት ለመናገር የራሴም አይን ጥቁሩ ላይ ነው የቀረው። ሂሳቡንም ሰራሁ እኮ! የራም ትክክለኛ መዘግየት ሲኤሉን በ2000 አባዝቶ ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። ጥቁሩ 16 በ2000 ለ3200፣ 10 ናኖሰከንድ። አረንጓዴው ሲኤል 22 ነው፣ 13.75። የእትዬ አሮጌው 2666 ሲኤል 19፣ 14.25። ጥቁሩ በሰፊው ይበልጣል፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 2666 ቢያወርደው እንኳን ከአሮጌው አያንስም አልኩ። ከአሮጌው አያንስም! ብር ቆጥሬ ወጣሁ። ሁለት ቀን ውስጥ ካልሰራ እቀይርልሃለሁ ብሎኛል።

ጥር 5

ጠዋት ስቱዲዮው ሳይከፈት ገጠምኩ። የትኛው ስሎት ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ሽፋኑ ውስጥ በኩል የተለጠፈው ስዕል ላይ አለ፣ ሁለቱን በሁለቱ ቻናል አንድ አንድ አደረግኳቸው፣ አሮጌውን ለጊዜው አወጣሁት። አበራሁ፣ ጥቁር ስክሪን። ፋኑ ይዞራል፣ ምንም የለም። አንድ ደቂቃ አይሞላም ግን እኔ እዛች ውስጥ ሁለት ጊዜ አርጅቻለሁ። አዲስ ራም ሲገባ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለካካው ይቆያል፣ አትንኩት፣ ሶኬቱን አትንቀሉ። ከዛ የሚሞሪ መጠን ተቀይሯል ብሎ መልእክት አወጣ፣ አልፌው ዊንዶውስ ገባ።

ታስክ ማናጀር። 16 ጊጋ፣ ጥሩ። ስሎት 2 ከ4፣ ጥሩ። ስፒድ 2133።

2133?

ሪስታርት አደረግኩ፣ 2133። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ 2133። አሮጌውን አረንጓዴ ብቻውን መለስኩት፣ 2666። አዲሶቹን ብቻ፣ 2133። ሦስቱንም አንድ ላይ ሳደርጋቸው አሮጌውም ወርዶ 2133 ሆነ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚሄዱት ከመሃላቸው በዘገምተኛው ነው። እንግዲህ 3200 የተጻፈበት ከ2666 አሮጌ በታች ሄደ ማለት ነው፣ ያውም አሮጌውን ጎትቶ ይዞት ወረደ።

ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም አውርጄ ኤስፒዲ የሚለው ገጽ ላይ ስገባ ነገሩ ቁልጭ አለ። እያንዳንዱ ራም ላይ ትንሽ ቺፕ አለች፣ የራሙ መታወቂያ ናት፣ በምን በምን ፍጥነት መስራት እንደሚችል ተጽፎባታል። የጥቁሩ መታወቂያ ላይ በመደበኛው በኩል፣ ጄዴክ በሚባለው ማለት ነው፣ የመጨረሻው መስመር 1066 ሜጋኸርዝ ነው። በእጥፍ ስለሚቆጠር 2133። 3200ው አለ፣ ውሸት አይደለም፣ ግን የተጻፈው ለብቻው ኤክስኤምፒ የሚል አምድ ስር ነው፣ በ1.35 ቮልት። መደበኛው 1.2 ቮልት ነው። ማለትም ፋብሪካው ቺፑን ቮልቴጅ ጨምሮ ሞክሮት «ባዮስ ገብተህ ይሄን ካበራህ 3200 ይሰጥሃል፣ ካላበራህ ግን የትም ማሽን ላይ እንዲነሳ 2133 ላይ አስቀምጬልሃለሁ» ነው የሚለው። እሺ፣ ባዮስ ልግባ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ማለት ነው። ገባሁ፣ ያልከፈትኩት ገጽ የለም። የፋን፣ የቡት፣ የፓስዎርድ፣ ሁሉ አለ። ኤክስኤምፒ የለም። የቢሮ ማሽን ነው፣ ማን ያስገባለታል።

እትዬ ቡናዋን ይዛ መጣች፣ «ምነው ፊትህ?» አለች። አስረዳኋት፣ ኤስፒዲ፣ ጄዴክ፣ ኤክስኤምፒ፣ አይኗ ፈዘዘ። ከዛ ራሷ «ቆይ፣ ኦቶ ላይ ሲሆን 2133 ነው፣ ማኑዋል ላይ 3200 ነው፣ የኛ ኮምፒውተር ደሞ ማኑዋል የለውም ነው የምትለኝ?» አለችኝ። አዎ። እኔ ግማሽ ሰአት የፈጀሁበትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። «ታዲያ ኦቶው ጥሩ የሆነውን ለምን አልገዛህም?»

መልስ አልነበረኝም።

(ይሄኔ ነው የአረንጓዴው ነገር የገባኝ። ያ ተራው 3200ኤኤ መታወቂያው ላይ 3200 የተጻፈው መደበኛው አምድ ውስጥ ነው፣ በ1.2 ቮልት፣ ኤክስኤምፒ ምናምን ሳያስፈልገው። 2666 ጣሪያ ያለው ማሽን ሲጠይቀው «2666 ላይ ሲኤል 19 እሰራለሁ» ይለዋል። መዘግየቱን ሳሰላ የቆጠርኩት ሲኤል 16 እትዬ ጋ ከቶ ሊበራ የማይችል ቁጥር ነበር። ካርቶን ላይ ያለ ቁጥር ነው ያሰላሁት።)

ማታ ለማንኛውም ለካሁት፣ 300 የሰርግ ፎቶ ከላይትሩም ኤክስፖርት ማድረግ፣ በስልክ ሰአት። አሮጌው 8 ጊጋ ብቻውን 19 ደቂቃ ገደማ፣ ጥንዱ በ2133 12 ደቂቃ ገደማ። ስለዚህ ቀርፋፋ የተባለው ጥንድ ከፈጣኑ ነጠላ በሰፊው በለጠ። መጀመሪያ ነገር ማሽኑ ከእንግዲህ ወደ ዲስክ እየሮጠ አይደለም፣ ቦታ አግኝቷል። ሁለተኛ በሁለት ቻናል ነው የሚሄደው፣ አንድ ቻናል በአንድ ጊዜ 8 ባይት ነው የሚያሳልፈው፣ 2666 ነጠላ በሰከንድ 21.3 ጊጋባይት ነው፣ 2133 ጥንድ 34.1። ጥንድ 2666 ቢሆን 42.7 ነበር። እትዬ 12 ደቂቃውን ስታይ «ተወው በቃ ይሄው ይሁን» አለች። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት።

ጥር 6

ሱቁ ከመመለሴ በፊት የአክስቴ ልጅ ጋ ሄድኩ። አስቱ (አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) ነው የሚማረው፣ ራይዘን 5 5600ጂ አለው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ነው ጌም የሚጫወተው። እሱ ጋ ነገሩ ሌላ ነው፣ ምክንያቱም እንደዛ አይነት ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ ዋናውን ራም ነው የሚበላው፣ ስለዚህ የራሙ ፍጥነት በቀጥታ ጌሙ ላይ ይታያል። የነበረው አንድ ፍሬ ባለ 8፣ 2400።

ጥቁሮቹን ሰካንለት፣ መጀመሪያ እሱም ጋ 2133 መጣ። ባዮስ ገባን፣ ኤክስኤምፒ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ አበራነው፣ ሴቭ፣ ሪስታርት። ልጁ ሲፒዩ-ዚ ከፍቶ «ኧረ አታለሉህ፣ 1600 ነው የሚለው» ብሎ ጮኸ። አልታለልኩም፣ ሲፒዩ-ዚ የሚያሳየው ትክክለኛውን ምት ነው፣ ዲዲአር በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ 1600ው 3200 ነው። ደሞ በራይዘን ጥሩ ነገሩ የውስጥ ማገናኛው፣ ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚሉት፣ እሱም በ1600 እኩል ለእኩል ይሄዳል።

ጌሙን ከፈተ። ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ይጫወታል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ነበር። ከዛ ሳይዞር «ስንት ነው የገዛሃቸው?» አለኝ። ግማሹን አሁን ሰጠኝ፣ ግማሹን ወር ሲደርስ። ወር ሲደርስ እንግዲህ እናያለን፣ ቤተሰብ ነው።

ጥር 8

ሦስተኛው ሱቅ ተመለስኩ፣ ልጁ ሊመልስ የመጣ መስሎት ፊቱ ጠቆረ፣ አረንጓዴውን ልግዛ ስለው በራ። ሁለት ባለ 8፣ ሁለቱም 3200ኤኤ፣ ሁለቱም 1አርኤክስ8፣ ዩ ያለባቸው፣ አንድ በአንድ ነው ያየኋቸው። «ለቢሮ ማሽን መሆኑን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም እኮ አውቄው ነበር፣ ከነገሩ አንድ ቀን ቀደም ብዬ።

ሁለቱን ብቻ ሳስገባ ወዲያው 2666። ሲፒዩ-ዚ ላይ 1333፣ ሲኤል 19። ኤክስፖርቱን ደገምኩት፣ 11 ደቂቃ ተኩል ገደማ። አዎ፣ ከ2133ው ጋር ልዩነቱ ይሄው ነው፣ ግማሽ ደቂቃ። ለፎቶ ስራ ዋናው ቦታና ጥንድ መሆን ነው፣ ፍጥነቱ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ግን ያው አረንጓዴው ከጥቁሩ ይረክሳልም።

ከዛ አሮጌውን ጨመርኩ፣ ማሽኑ አልነሳም። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ነቅዬ ሳየው እግሮቹ ላይ ቢጫው ደብዝዟል፣ አራት ቀን የስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ነው የከረመው፣ ማን እንደነካካው እግዜር ይወቅ። የታወቀው መድኃኒት፣ ላጲስ። ነጭ ላጲስ በቀስታ ሁለቱንም ጎን፣ ፍርፋሪውን በደንብ ማራገፍ፣ ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተነሳ። 24 ጊጋ፣ 2666፣ ስሎት 3 ከ4። ሦስት ሲሆን አንዱ ቻናል 16 አንዱ 8 ነው፣ ኢንቴል ላይ ይሄ አይከለከልም፣ እኩል የሆነው ድርሻ በሁለት ቻናል ይሄዳል፣ የተረፈው 8 በአንድ።

ጥር 9

ሦስት ራም ቀላቅሎ ዝም ብሎ መሄድ ልክ አይደለም፣ የሰው ሰርግ ነው ያለው በውስጡ። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለቀቅኩት፣ አራት ዙር ነው የሚሄደው፣ ከዊንዶውስ ውጪ በፍላሹ ነው የሚነሳው። ሦስተኛው ዙር ላይ እትዬ ደወለች፣ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ አስር ደቂቃ ይዞ ሞተ። እንደገና ከዜሮ።

ጥር 10

ሌሊቱን መብራት አልሄደም። ጠዋት ስገባ አረንጓዴ ፓስ፣ ስህተት ዜሮ። አንድ ነገር ግን አየሁ፣ የትናንቱ መብራት ከሄደ በኋላ ባዮሱ ሰአቱን ረስቶታል፣ ቀኑ ብዙ አመት ወደኋላ ሄዷል። የማዘርቦርዷ ባትሪ ናት፣ ያቺ ክብ ሲአር2032። ከሰፈር ሱቅ ገዝቼ ቀየርኳት። የፎቶ ቀን ሲዛባ እትዬ ምን እንደምትል ስለማውቅ ነው ከራሙ በላይ ለሷ የፈጠንኩት።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። እትዬ ከትናንት ወዲያ የተነሱትን ስትሰራ ነው ያገኘኋት፣ ላይትሩም፣ ፎቶሾፕ፣ ሙዚቃም ከፍታለች፣ ሚሞሪው 71 ፐርሰንት። አልደረቀም። «አራተኛው ቦታ ባዶ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው። ሌላ 3200ኤኤ ባለ 8 ሲገኝ 32 ይሞላል። የአክስቴ ልጅ የቀረውን ሲከፍል ማለቴ ነው።